ሳይሞቱ ነፍስ ይማር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የባጃጁን ጥቅስ፣ የፀጉር ቤቷን ቆንጆ የምትስለው ፋና ናት። ማንም አላስተማራት፣ ማንም አልቀጠራት። ባለሥጋ ቤቱ «በሬዬን ትንሽ አወፍሪልኝ» ቢላት «መጀመሪያ የምታርደውን አንተ አወፍር» ብላ የቀጠነውን በሬ እዚያው ትታለት የሄደች ልጅ ናት።

ሥራ ስትጨርስ ስልኳ ላይ «የብሩሽ ቤተሰብ» የሚባል የፌስቡክ ቡድን ትከፍታለች። የእርሳስ ሥራዋን የሚያይላት ሰው ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው እንጂ ቤተሰቡስ ያስጠላታል። እርስ በርሱ ይላላሳል። አንዱ አንገት የሌላት ልጃገረድ ይለጥፋል፤ ሌላው «ዋው፣ እጅህ ይባረክ!» ይለዋል፤ በማግስቱ ተራው ይገለበጣል። ፋና ግን «አንገቷን ማን በላው?» ብላ ትጽፋለች። አይወዷትም።

አንድ ቀን ጎረቤቷን፣ ጠላ ሻጯን እትዬ ደጊቱን፣ ደጃፋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐይ ሲሞቁ ሳለቻቸው።

«ፌስቡክ ላይ ላወጣዎት ነው። ይፈቅዱልኛል?»

«ሰው ያየኛል?»

«ያይዎታል እንጂ!»

«እንዲያ ከሆነማ ቆይ፣ ሻሼን ላስተካክል።»

ፋና «እትዬ ደጊቱ፣ ፍኖተ ሰላም» ብላ ከሥሩ ጽፋ ለጠፈችው።

ሦስት ቀን ሳይሞላ የእትዬ ደጊቱ ታናሽ እህት፣ እትዬ አደይ፣ ከቡሬ ገጠር መጡ። ራሳቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ «እህቴን! ወየው እህቴን!» እያሉ ከመናኸሪያው ጀምረው ደረታቸውን ሲደቁ መንገደኛው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

እትዬ ደጊቱ ጣሳ እንደያዙ ወጡ። «አደይ! ኧረ ማን ሞተብን?» አሉ ደንግጠው።

እትዬ አደይ አዩዋቸው። መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ምናለ ስልኩን አውጥቶ አሳየ። የፋና ስዕል ነው። የቡድኑ አለቃ፣ ገነነ የሚባለው፣ የፋናን ፊርማ ቆርጦ ጥሎ «እኒህ የፍኖተ ሰላም እናታችን እትዬ ደጊቱ ዛሬ አረፉ። ነፍስ ይማር ሳትሉ እንዳታልፉ» ብሎበታል። ሕዝቡም አላለፈም፤ ነፍስ ይማሩ እንደ ጉንዳን ተሰልፏል።

ጩኸቱን ሰምታ የደረሰችው ፋና «በሕይወት አሉ! አሁኑኑ አንሳው» ብላ ጻፈች። ገነነ ጽሑፏን አጠፋና ለብቻዋ መለሰላት፦ «ምን ያናድድሻል የኔ እህት? ይኸው ስንት ሰው አየልሽ። እንዲህ ያለች አሮጊት ሌላ አለችሽ?»

ስልኩን እንደ ሞተች አይጥ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

እትዬ አደይ ከመሬት ሳይነሡ «ልጄ፣ እኔንም ሳዪኝ» አሏት። «ይህን ፊቴን ይየው። ሰው ከሆነ ያፍራል።»

ሳለቻቸው፤ ሁለቱን እህትማማቾች ጎን ለጎን። እትዬ ደጊቱ ዓይናቸው ፈጦ፣ እትዬ አደይ ከነቁስላቸው። «እኒህኛዋ አሉ፤ እኒህኛዋ ባንተ ውሸት ፊታቸውን ነጩ» ብላ ላከችለት።

በማግስቱ ገነነ ለጥፎታል። እትዬ ደጊቱን ቆርጦ ጥሎ፣ እትዬ አደይን ብቻቸውን አስቀርቶ፣ «የሟች እህት ሐዘን» ብሎ። ከሥሩ የብሩሽ ቤተሰብ ተኮልኩሏል፦ «ዋው፣ ስሜቱን አወጣኸው!» «እጅህ ይባረክ ወንድሜ!»

ፋና ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አነበበች። ከሁሉ ያስጠላት ግን የገዛ ራሷ ነገር ነው፤ «ማነው የሳለው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ካለ ብላ ያን ሁሉ ዝቃጭ እስከ ታች ስታነብ ራሷን አገኘችው። አንድም አልነበረም።

ከቡድኑ ወጣች። ስልኩን ፍራሽ ላይ ወርውራ ከሥጋ ቤቱ የተረፋትን ቀይና ጥቁር ቀለም አነሣች። ወደ ዋናው መንገድ በዞረው የጠላ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለቱን እህትማማቾች በር በር የሚያክሉ አድርጋ፣ ጣሳ አስጨብጣ፣ ዓይናቸውን እንደ ፋኖስ አፍጥጣ ሳለቻቸው።

«ይህንን እንግዲህ ይቁረጠው» አለች፤ ፊርማዋንም ከእትዬ ደጊቱ ግንባር ላይ፣ ከሻሹ መሐል አሰፈረችው።

የመጀመሪያው ባጃጅ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። «እትዬ ደጊቱ! ሞቱ ተብሎ አልነበረም እንዴ?»

«ሞቻለሁ» አሉት። «ግባና ተዝካሬን ጠጣ።»

እትዬ አደይ ሻሻቸውን ወደተላጨው ራሳቸው ሳብ አደረጉና «በነጻ እንዳይመስልህ ታዲያ» አሉት።