ጋጣው በር ላይ የተቀባው አበባ

ፓንግ ሉሼንግ ሲያቅለሸልሸኝ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። ባለቤቴ ሺ ጓንታይ ግን "ተማሪዬ" ይለዋል፤ ያውም ደረቱን ነፍቶ።

ጓንታይ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ነው። ለትልልቅ አዳራሾች በትእዛዝ የሠራቸውን ሥዕሎች ራሱም አይወዳቸውም። ሥራዬ የሚላቸው ገጠር ለገጠር እየዞረ መዳፍ በሚያክሉ ካርቶኖች ላይ የሣላቸውን ትንንሽ የሜዳ ሥዕሎች ነው። ጭቃ፣ የፍግ ክምር፣ የተላጠ ግድግዳ። ሜዳ ላይ የተሣለ ነገር ቤት ከገባ በኋላ ብሩሽ አይነካውም ነበር፤ ቀለሙ ላይ ትንኝ ቢጣበቅ እንኳ ከነትንኙ ይደርቃል። እንዲህ ያለ ሥዕል ማንም አይገዛም። እኔም የማሽላ አጥሚት እየጠጣሁ፣ ባሌ አይዋሽም ብዬ እኮራ ነበር።

ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ እኔ አለሁ። አሳማ ጋጣ በር ላይ የአተላ ባልዲ ተሸክሜ ቆሜያለሁ፤ ሆዴ ገፍቷል። ልጅቷ በተወለደች በሳምንቷ ሞተች። ፎቶ አልተነሳችም። በዚህ ዓለም መኖሯን የሚያሳየኝ ያ ሆድ ብቻ ነው።

ጓንታይ ግማሽ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ፓንግ በስምዎ ቤተ መዘክር ላቁምልዎ ብሎ ልቡን አማለለው፤ ካርቶኖቹንም ላጽዳቸው ብሎ ወሰዳቸው። ዐውደ ርዕዩ በተከፈተ ቀን ባለቤቴን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ገባሁ። የፍጉ ክምር ላይ የኮክ አበባ ፈክቷል። ጭቃው ኩሬ ሆኖ ዳክዬ ይዋኝበታል። እኔ ጋ ስንደርስ ባልዲው የአበባ ቅርጫት ሆኗል፣ ጋጣው በር ላይም አበባ ተቀብቷል፣ ወገቤ ቀጥኗል። ሆዴ የለም። በጣቴ ብነካው ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ።

ፓንግን እጅጌውን ይዤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

"እትዬ፣ እርጉዝ ከነአተላዋ ማን ሳሎኑ ይሰቅላል?" አለኝ እየሳቀ። አፉ አረቄና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

የቀረው የሻዩ ሥርዓት ነበር። ተማሪው ተንበርክኮ ሻይ ያቀርባል፤ መምህሩ ከጠጣለት ወራሹ ሆነ ማለት ነው፣ ሥዕሎቹም በእጁ ይቀራሉ። ካልጠጣለት በሰው ፊት ክዶታል፤ ካርቶኖቹ ወደ ቤታችን ይመለሳሉ። አዲሱ ቀለም ገና እርጥብ ነው፤ በጨርቅና በቀለም ማቅጠኛ ከተጠረገ ሆዴ ከሥሩ ይወጣል።

ወንበሩን ሥዕሌ ፊት አቁሜ ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

"ልጃችንን አጥፍቷታል። እንዳትጠጣለት።"

ጓንታይ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ።

ፓንግ ከነአዲሱ ሱፉ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፤ ካሜራዎች ተደቀኑ። ባለቤቴ በደህናው እጁ ስኒውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጨለጠው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አገጩ ላይ የፈሰሰውን ልጠርግለት ጠጋ ስል፣ በተኮላተፈ ምላሱ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው፣

"ቆንጆ አድርጎሻል" አለኝ።

መሀረቤን ጭኑ ላይ ጥዬለት ወጣሁ።