ሦስቱ ጭረቶች

ሚስማር ይሏታል፤ ምላሷ ስለሚወጋ። የእንጨት ሥራን ያስተማራት የለም፤ አናጢው አባቷ ሲሠራ አጠገቡ ቆማ በዓይኗ ሰርቃ ነው የለመደችው።

የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ፎቅ የሚወጣው የደረጃውን መደገፊያ እየዳበሰ ነበር። ታዲያ የተደራረበው ቀለም ተላልጦ መዳፉን ቢቦጫጭረው መያዙን ተወና አንድ ቀን ተንሸራተተ። ታላቅ ወንድሟ እሑድ መጥቼ አልጋውን ታች ሳሎን አወርዳለሁ አለ። አባትየው ከሟች ሚስቱ ጋር ዕድሜውን የኖረባት ክፍል ግን ላይ ናት።

«እሑድ አባዬ ብቻውን ካልወጣ፣ አልጋውን እኔው ተሸክሜ አወርድልሃለሁ ጋሼ» አለችው።

አራት ቀን ሙሉ የመደገፊያውን ቀለም ፋቀች። ነጩ ሲነሣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲነሣ ቡኒ መጣባት፤ ይኼ እንጨት ከእኔ የበለጠ ልብስ ቀያይሯል እያለች አጉረመረመች። በመጨረሻ ቀላ ያለው ገላው ወጣ። ከላይኛው ጫፍ አጠገብ፣ በመደገፊያው ሆድ በኩል፣ ቀለም እንኳ ያልሞላቸው ሦስት ጥልቅ ጭረቶች አገኘች። መጋዝ ስቶ የጫራቸው መሰላት። ሰጋቱራ በኮላ ለውሳ ደፈነቻቸው፤ በብርጭቆ ወረቀትም አለሰለሰቻቸው። በሥራዋ ኮራች።

ቅዳሜ አባቷ እጁን መደገፊያው ላይ ሲያሳርፍ ፊቱ ፈካ። ወጣ፣ ወጣና ሊደርስ ሲል ቆመ። ጣቶቹ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ፊት መጡ። እግሩን አንሥቶ መልሶ አወረደው።

«ደከመህ አባዬ?»

«ጭረቶቼ የሉም።»

መጋዝ ስቶ የጫራቸው መስሏት እንደደፈነቻቸው በቀስታ ነገረችው።

«የእኔ መጋዝ ስቶ አያውቅም» አለ ቅር ብሎት። ከዚያ ድምፁ ላላ። «ለእናትሽ ነው የቆረጥኳቸው። አንቺን ታቅፋ ስትወጣ እግሯን ማየት አትችልም ነበር። ጣቷ እዚያ ሲደርስ አንድ ደረጃ እንደቀራት ታውቃለች።»

ሚስማር መሮዋን አምጥታ ደረጃው ላይ ተንበረከከች። የደፈነችው ከቀረው እንጨት ገርጣ ስለሚል ቦታው አልጠፋትም። አንዱን በከፈተች ቁጥር አባቷ ጣቱን እየሰደደ ይለካል።

«ጥልቅ አድርጊው፤ የእናትሽ ጣት ወፍራም ነበር።»

እሑድ ወንድሟ አልጋውን የሚያወርድበትን ገመድ ይዞ መጣ። አባትየው ብቻውን ወጣ፤ ጭረቶቹ ጋ ሲደርስ ለአፍታ ቆም ብሎ ዳበሳቸው፤ ከዚያ የመጨረሻዋን ደረጃ ረገጠ። ሚስማር ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ስለዚህ የተናገረው አባትየው ነው፤

«ገመዱን ካመጣህ አይቀር፣ ልብስ ማስጫ እሰርልን።»