ክሩ ላይ የቀረው ድብደባ

የሺዎሪን ሁለት አልበሞች የቀዳሁት እኔ፣ ቶኩጂ፣ ነኝ። በጃፓኗ ኮቤ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለችው ስቱዲዮዬ፣ ኮምፒዩተር ሳናስገባ በሰፊው የቴፕ ክር ብቻ ነበር የምንሠራው። እሷ ፒያኖ ትጫወታለች፤ ባሏ ሬንጂ ከሥር ሲንተሳይዘር በሚባሉት የኤሌክትሪክ ድምፅ ማሽኖቹ ያጉረመርማል፣ ያፏጫል። የሚሰማው ሰው የቱ እንጨት፣ የቱ ኤሌክትሪክ እንደሆነ አይለይም ነበር። ያን ያደረገው ሬንጂ ነው፤ አልክድም።

ቤት ግን ይመታት ነበር። ያወቅሁት ሁለተኛውን አልበም ልንጨርስ ስንል ነው። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ መጣች። ልትጫወት እጅጌዋን ስትሰበስብ የሬንጂ ጣቶች ቅርጽ ክንዷ ላይ በልዞ አየሁ።

"በር መታኝ" አለችኝ።

እኔም ማይክሮፎኔን ማስተካከሌን ቀጠልኩ።

በመጸው ፈታችው። የሲንተሳይዘሩንም ሥራ ራሷ ተምራ ሦስተኛውን አልበም ለብቻዋ ጀመረች። አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ክሩ እየዞረ፣ እሷ እየተጫወተች ሳለ ሬንጂ በሩን በርግዶ ገባ። መዶሻ ይዟል።

"ያለ እኔ ምን ልታሰሚ ነው?" አለ። "የሆቴል ፒያኖ?"

"ውጣ ሬንጂ፣ ሥራ ላይ ነን።"

"የማን ሥራ? ድምፁ የኔ ነው!"

መጀመሪያ ፒያኖውን መታ። ቁልፎቹ ተሰባብረው ተበተኑ። ሺዎሪ ልትከላከል እጇን ዘረጋች፤ ሁለተኛው ምት ቀኝ እጇ ላይ አረፈ። ስድስት ማይክሮፎን ነበር የተከልኩት። አጥንቷ ሲሰበር ከመስታወቱ ወዲያ በመቅጃ ክፍሉ ላለሁት ለእኔ በጆሮ ማዳመጫዬ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ሮጬ ገባሁ። የማይክሮፎን ማቆሚያ አንስቼ በከባዱ የብረት እግሩ ጀርባውን አልኩት። ዞረና ሳቀ።

"ሽማግሌው! ዛሬ ነው ወንድ የሆንከው?"

መዶሻው ትከሻዬን ሰበረው። በቀረኝ እጅ ጉልበቱን መታሁ፤ ወደቀ፤ መዶሻው ተንከባሎ ፒያኖው ሥር ገባ። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ግን አልጨረስኩም። ፊቱን በብረቱ መታሁት።

"በቃኝ ቶኩጂ ሳን... በቃኝ..." አለ፣ አሁን በአክብሮት።

ደገምኩት። ደጋገምኩት። ሺዎሪ የተሰበረ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከኋላ ያዘችኝ። "ይተዉት! ሊሞት ነው!" ስትል በክርኔ ገፋኋት። ወለሉ ላይ ተዘርግታ ሳያት ነው ብረቱ ከእጄ የወደቀው።

አምቡላንስ ጠራሁ። ሬንጂ በደም ውስጥ እያንኮራፋ ራሱን ስቷል። ወደ መቅጃ ክፍሉ ስመለስ ክሩ አሁንም ይዞራል። አቆምኩት። ክር የምቆርጥበትን ምላጭ አነሳሁ። ሰባት ስምንት ሜትር ብቻ ባወጣ፣ ራሱን የተከላከለ ሰው እሆናለሁ።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አለችኝ ሺዎሪ ከበሩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ከወደቀ በኋላ ያለውን ላውጣው።"

"እኔን የገፉበትስ እዚያ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው አይንኩት። በር መታኝ ስልዎትም ምንም አላሉ።"

ምላጩን አስቀመጥኩ።

ፖሊሶቹ ክሩን ወሰዱት። ሬንጂ አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ አራት ዓመት ተፈረደበት። እኔ ላይ አንድ ዓመት ተኩል። ሺዎሪ ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ሁለት ጣቶቿ ግን አልታጠፍ አሉ። እስር ቤት ሳለሁ አንዲት ደብዳቤ አልጻፈችልኝም።

ስፈታ አልበሙ ወጥቶ ነበር፤ ናጎያ ላይ በሌላ ሰው እጅ የተቀዳ። ሸክላውን ገዝቼ ቤቴ ሰማሁት። ፒያኖው ግራ እጅ ብቻ ነው፤ የቀኙን ቦታ ማሽኖቹ ይዘውታል፣ ይጮኻሉ። የመጀመሪያው ገጽ አልጣመኝም። ሁለተኛው ግን ከወንበሬ አስነሳኝ፤ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ስልክ ደወልኩላት።

"ሁለተኛው ገጽ ላይ የማሽኖቹ ወፍራም ድምፅ በዝቷል" አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።



"ሆን ብዬ ነው" አለችና ዘጋችው።