የጀልባዋ ፈቃድ

ዙለይሃ በሐይቅ ከተማ በአንድ የአሳ አጥማጆች ማኅበር ቢሮ ተቀጥራ ትሠራለች። የማኅበሩን ደንብ ኤክሴል ላይ በሠንጠረዥ ያሰፈረችው እሷ ናት፤ በአንድ በኩል «እንዲህ ከሆነ»፣ በሌላው በኩል «እንዲህ ይሁን» እያለች። ፈቃድ የሚመዘግበው የማኅበሩ ፕሮግራም ከዚህ ሠንጠረዥ የየዓምዱን ርዕስ አንብቦ፣ ነገሩ የማን እንደሆነ ከርዕሱ ይገምታል። «የአጥማጁ ዕድሜ» ቢል፣ አጥማጅ የሚባል ሰው እንዳለና ዕድሜም እንዳለው ይይዛል።

አንድ ጠዋት ሰዑድ ፊቱን አኮሳትሮ ገባ። ከሳዑዲ ተመልሶ በአሳ ማስገር የሚተዳደር ሰው ነው። አሮጌ ጀልባውን ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለዝናው ሸጦ፣ አዲስ አሠርቷል።

«ዙሌ፣ ፈቃድ የለህም ብለው ከውሃው መለሱኝ። ዝናው ግን በኔ ፈቃድ ቆሮሶ አሳውን ያወጣል። ወላሂ፣ ይቺ ነገር ንጹሕ አይደለችም!»

ዙለይሃ ግራ ገባት። ፈቃድ ለሰው እንጂ ለጀልባ አይሰጥም። ሠንጠረዡን ከፍታ ስታይ ክው አለች። «የአጥማጁ ፈቃድ» ብላ የጻፈችው ርዕስ «የጀልባዋ ፈቃድ» ሆኗል። ፕሮግራሙም ፈቃዱን የጀልባዋ አድርጎ ስለያዘው፣ ጀልባዋ ስትሸጥ ፈቃዱም አብሮ ሄዷል።

ሠንጠረዡን የሚከፍቱት እሷና ዝናው ብቻ ናቸው። ባለፈው ወር አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «ርዕሱ ቢለወጥ ምን ይሆናል?» ሲል የጠየቃት ትዝ አላት። ያኔ ለሥራው ተቆርቁሮ መስሏት በደስታ ነበር ያስረዳችው።

ስትጠይቀው ሳቀ።

«እኔ? ኮምፒውተር ማብራቱንስ መቼ በቅጡ አውቄው! አንቺው ተሳስተሽ ይሆናላ፣ ልጄ።»

«ልሳሳት እችላለሁ፣ ጋሽ ዝናው። እንግዲያው አባላቱ ፊት ላስተካክለው» አለችው።

ሳቁ ቆመ።

አባላቱ በተሰበሰቡበት ርዕሱን መለሰችና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳችው። ፈቃዱ ከሰዑድ ስም ጎን መጣ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰዑድ። ሁሉም ዞሮ ዝናውን ሲያይ፣ እሱ ቀድሞ አጨበጨበ።

ማን እንደለወጠው አልተረጋገጠም። ዙለይሃ የይለፍ ቃሉን የዚያኑ ዕለት ቀየረች። ዝናው ዛሬም ሲያገኛት በፈገግታ ጤንነቷን ይጠይቃታል፤ እሷም ትመልስለታለች፤ ግን እሱ ቢሮ ሲገባ ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ ከወንበሯ አትነሳም።