የባለ ጉሼሼው ቀብር

እኛ ሰፈር፣ ካትሌሆንግ፣ ሰው ከመታወቂያው በፊት በመኪናው ይታወቃል። ነጭ ፖሎ ከነዳህ ዘራፊ ነህ። ትልቁን ፎርቹነር ከያዝክ የመንግሥት ጨረታ የበላህ ነህ፣ ሚስትህም የሌላ ሰው ሚስት ናት። እኔ ሚኒባስ ታክሲ ነው የምነዳው፤ የእኛን ስም ባልጠራው ይሻላል፣ ወንጀለኛ አይቶ አፉን የሚዘጋ ይሉናል።

የእህቴ የኖምቩላ ልጅ ቬላፒ ደግሞ የባሰውን መረጠ፤ ጉሼሼ ገዛ። ያቺ ሣጥን የምትመስል የድሮ ቢኤም፣ ሌቦች የሚያብዱላት፣ ከእነሱ አንዱ ሲሞት ጓደኞቹ መቃብሩ ዳር ጎማዋ እስኪጨስ አሹረው የሚሸኙባት። ቬላፒ እኮ ክሊኒክ ውስጥ ለአሮጊቶች የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚያድል ልጅ ነው። እንቁላል እንደጫነ ሰው ነበር የሚነዳት።

«አንተ ልጅ፣ ሽጣትና እንደ ሰው ቶዮታ ግዛ» አልኩት አንድ እሑድ ሲወለውላት አግኝቼው።

«አጎቴ፣ መጀመሪያ ድምጿን ስማት እንጂ!»

«ሰፈሩ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።»

«ይስማ! የሚያውቀኝ ያውቀኛል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሞኝ፣ አብሬው ሳቅሁ።

በቀደም ከሥራ ሲመለስ የትራፊክ መብራት ላይ ሌቦች መኪናዋን ሊቀሙት መጡ። እጁ እንደተዘረጋ ነው የተገኘው፤ ቁልፉን እየሰጣቸው ነው የተኮሱበት። ሞተሯ አልነሳ ብሏቸው ጥለዋት ሮጡ። የመጣው ፖሊስ መጀመሪያ መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ከዚያ ነው ወደ ሬሳው የሄደው።

«እማማ፣ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚባለውን ያውቁታል» አላት ኖምቩላን። «ከጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ ይሆናል።»

«ልጄ የክሊኒክ ሠራተኛ ነው!»

«በጉሼሼ?» አለና ወደ መኪናው ገባ። ገዳዮቹን የፈለገም አልነበረም።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። የልጃችን ስም ከጋራዥ ወጣ፣ ጎረቤትም ተቀበለው። ለልቅሶ የመጡት ሴቶች እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድሮም ገንዘቡን ከየት አመጣው?» ይባባሉ ነበር። ተነስቼ ሁሉንም ባባርራቸው ደስ ባለኝ፤ ለቀስተኛ አይባረርምና ሻይ ቀዳሁላቸው።

ኖምቩላ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቅዳሜ ልጇ ሲቀበር ማን እንደነበረ በሰው ፊት እንዲነገርለት። የክሊኒኩ ነርስ ታንዴካ ልትናገር ተስማማች። ባልደረቦቹም በአንድ አውቶቡስ ሊመጡ ቃል ገቡ። «ሰው ይስማው፤ ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝ» ትለኝ ነበር እህቴ።

ቅዳሜ መቃብር ቦታ ቆመን አውቶቡሱን ስንጠብቅ፣ ከወደ መንገዱ ጉሼሼዎች እያጓሩ መጡ። አንዱም ሾፌር ከእኛ ወገን አይደለም፤ አይተናቸው አናውቅም። አንድ ወርቅ ጥርስ ያለው ወጣት ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና ኖምቩላ ፊት ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። የእኛን ሰው እንዲሁ አንሸኘውም።»

«ልጄን ታውቁታላችሁ?» አለች።

«ጉሼሼ ይነዳ የለ እንዴ? ወንድማችን ነው!»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጥላቻ ይዞ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር፤ በድንጋይ እለው ነበር። እጁን ይዤ ገለል አደረግሁት።

«ልጄ፣ በእናትህ፣ ተመለሱ። ይሄ የክሊኒክ ልጅ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ገብቶኛል፣ አባቴ። ለፖሊስ እንዲህ ነው የሚባለው።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው! መኪኖቹ በየተራ ሾሩ። ጭሱ ሬሳ ሣጥኑን ሸፈነው፣ አቧራው አፋችን ገባ፣ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ኖምቩላ ሁለት እጇን ዘርግታ መሐላቸው ልትገባ ስትል ሴቶቹ አንቀው ያዟት። ወጣቶቹ በኀዘን አበደች ብለው ጭራሽ አፋፋሙት። በጭሱ ውስጥ የክሊኒኩ አውቶቡስ የመቃብር ቦታው በር ላይ ደርሶ ሲቆም አየሁ። ሰው አላወረደም። ወደ ኋላ አለና ዞሮ ሄደ። ፓስተሩም «አፈር ወደ አፈር» የሚለውን አጣድፎ ጨርሶ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሸሸ። ቬላፒ አንድ ቃል ሳይነገርለት አፈር ገባ።

ቤት ተመልሰን በር ላይ እንደ ደንቡ እጃችንን ታጠብን። ኖምቩላ ፍራሿ ላይ ስትቀመጥ ነርስ ታንዴካ ደወለች። እህቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፣ ሰማችና ዘጋች።

«ምን አለች?»

«እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አናውቅም ነበር አለችኝ።»

ስድቤን ሁሉ ታንዴካ ላይ አወረድኩት። እህቴ አልሰማችኝም። የፍራሹን ጠርዝ እየነካካች፣

«ምቡሶ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች። «ልጄ ከእነማን ጋር ነበር የሚውለው?»

«አንቺም? ከማንም! ከመድኃኒትና ከአሮጊቶች ጋር ነዋ!»

«ያ ሁሉ ሰው ለማያውቀው ሊያለቅስ ይመጣል?»

«በአባታችን መቃብር፣ ኖምቩላ! ልጅሽ ንጹሕ ነበር። ያውቅ የነበረው ጠማማ ቢኖር እኔ አውቀው ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተማ የታክሲ ሰው ነህ» አለችኝ። «ብታውቅስ መች ትናገራለህ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።