የተሳፋሪው አስተያየት

በመሥሪያ ቤቱ «ባለሜትሩ» ነበር የሚሉት፤ የመለኪያ ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ። ለድርጅቶች መኪና በሊዝ በሚያከራይ ኩባንያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ኩባንያው አንድን አዲስ ዓይነት መኪና በብዛት ከማዘዙ በፊት አንዱ ለእሱ ይሰጠዋል፤ እሱም ሳምንት ሙሉ ነድቶ፣ ጭኖ፣ ለክቶ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ይላል።

ሰኞ ጠዋት የመጣለት ነጭ ትልቅ የጭነት ቫን ነበር፤ ከጋቢናው በስተኋላ መስኮት የሌለው፣ ባዶ ክፍል የሚያህል። ውስጡ ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጭንቅላቱ ጣሪያውን አልነካም። ርዝመቱን ለካ፣ የጎማ ሽፋኖቹ ወለሉን ምን ያህል እንደሚያጠብቡት ለካ፣ ተንሸራታቹን በር ሃምሳ ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ማክሰኞ በአሸዋ ከረጢት አስሞልቶ ዳገት ወጣበት። ረቡዕ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ፈተነ።

«እሺ እመቤት፣ እስቲ ተራመጂ» ይላታል መኪናዋን። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚያናግረው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ከአራተኛው ገጽ በቀር የፍተሻ ቅጹ ሁሉ ተሞላ። አራተኛው ገጽ «የተሳፋሪ አስተያየትና ፊርማ» ይላል። ድሮ ተሳፋሪዋ ሚስቱ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና አንዱንም መኪና ሳትምር ትተቸዋለች። እሷ ካለፈች ወዲህ ግን ራሱ «ምቹ ነው» ብሎ እየጻፈ ያልፈው ነበር። አዲሷ የክፍል ኃላፊ ይህን አይታ ኖሮ ቢሮዋ አስጠራችው።

«ባለፉት አሥራ አንድ መኪኖች ላይ ተሳፋሪው 'ምቹ ነው' ብቻ ነው ያለው» አለችው በትሕትና። «የእጅ ጽሑፉም የእርስዎን ይመስላል። ይህን ሰውዬ አንድ ቀን ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ፊቱ ቀላ። «ሰውዬው የለም» አለ።

«እንግዲያው ይህ ቫን የእውነት ተሳፋሪ ይኑረው። የዕቃ አመላላሾች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩበት።»

ቀላል መስሎት ነበር። የግቢውን ዘበኛ ጠየቀው፤ «በሩን ለማን ጥዬ?» አለው። ከጎረቤቱ ጋር ለስድስት ዓመት ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ» ተባብለዋል፤ ሊያንኳኳ ሄዶ ስሙን እንኳ እንደማያውቅ ትዝ ሲለው ተመለሰ። ስልኩን አወጣ። የቧንቧ ሠራተኛው፣ ጎማ ጠጋኙ፣ የቤት አከራዩ። አንድ በአንድ ወርዶ ወርዶ «አባባ» የሚለው ላይ ቆመ።

አባባ የሚስቱ አባት ናቸው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ። ከሐዘኑ በኋላ አንድ ወር ሳይጠይቃቸው ቀረ፤ ምን እንደሚላቸው ስለጠፋው። ከዚያ «ለምን ቀረህ?» ቢሉኝስ ብሎ ሌላ ወር ቀረ። እፍረት እንደ ዝገት ነው፤ ካልጠረጉት ውስጥ ውስጡን ይበላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሞላ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ቫኑን በራቸው ላይ አቁሞ አንኳኳ። ሽማግሌው ከፈቱ። ከስተዋል።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«አያለሁ፤ ዓይኔ አልጠፋ።» በትከሻው ላይ አሻግረው ተመለከቱ። «ያ ምንድን ነው?»

«አዲስ ቫን ነው። ልፈትሸው ተሰጥቶኝ... አብሮኝ የሚሳፈር ሰው ያስፈልጋል።»

«ለዚህ ነው የመጣኸው?»

ናፍቀውኝ ነው ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «አዎ አባባ። ለዚህ ነው።»

«እንኳን አልዋሸኸኝ» አሉ ሽማግሌው። «ቆይ፣ ኮቴን ላምጣ።»

መርገጫው ከፍ ያለ ነበር። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ከወገባቸው ደግፎ አስገባቸው።

«በሹፌሩ በኩል መያዣ አለ፣ በእኔ በኩል የለም። ሰው ሹፌሩ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ እያለከለኩ። «ጻፍ።»

ጻፈ። መንገድ ከጀመሩ በኋላም አላረፉም። ወንበሩ እንደ ሳንቃ ነው አሉ። የቀኙ ስፔኪዮ የሚያሳየው ሰማይ ነው አሉ። ከኋላቸው ያለው ባዶ ብረት ድምፁ እንደ በርሜል እንደሚያስገመግም፣ ሁለት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሲጯጯኹ ውለው ማታ እንደሚጣሉ ነገሩት። ባለሜትሩ ሳቁ አመለጠው። በሰው ፊት ከሳቀ ቆይቷል።

«እሷም እንዲህ ነበር የምትለኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ማን?»

«ልጄ ናታ! መኪና ባስፈተሽካት ቁጥር ማታውኑ ትደውልልኝ ነበር። አንድ ቀን 'አባባ፣ ዛሬ የብረት አህያ ላይ ነው የዋልኩት' አለችኝ።»

ባለሜትሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ስለ ሚስቱ ያልሰማው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። «አልነገረችኝም» አለ።

«ስለ አንተም ታወራ ነበር።»

«ምን ትል ነበር?»

«'ሲነዳ ቃል አይወጣውም፤ ጉድጓድ ሲያይ ግን ሳያስበው በእጁ ደረቴን ይደግፋል' ትል ነበር።»

እንደዚያ ማድረጉን ራሱ አያውቅም። ሊጠይቃቸው የፈለገው ብዙ ነበር፤ ግን መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ዞር ሲል ሽማግሌው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መመለሻው መታጠፊያ ጋ ደረሰ፤ አልታጠፈም። ቀለበት መንገዱን በዝግታ አንዴ ዞረ፣ ደገመው። ከእቅዱ አርባ ኪሎ ሜትር በለጠ።

በራቸው ላይ ሲነቁ ምንም እንዳልተኙ ሆነው እስክሪብቶ ጠየቁ፤ አራተኛውን ገጽ በራሳቸው እጅ ሞልተው ፈረሙ። መጨረሻ ላይ «ሹፌሩ ደህና ነው» የሚል አክለዋል።

«ግባና ትንሽ አረፍ በል» አሉት።

«መኪናውን መመለስ አለብኝ።» ሰዓቱ ገና ነበር። ውስጥ የሚጠብቀውን ዝምታ ፈርቶ ነው።

«እንዳሻህ» ብለው በሩን ዘጉ። ሞተሩን አስነስቶ የተዘጋውን በር እያየ ብዙ ቆየ።

ኃላፊዋ ገጹን አንብባ ሳቀች፤ ከዚያ ዝቅ ያለ መርገጫና የተሳፋሪ መያዣ ካልተጨመረለት ቫኑ እንዳይታዘዝ ወሰነች። እሱንም «ጥሩ ሰው አገኙ» አለችው። ሰኞ ቫኑ ወደ አስመጪው ተመለሰ፤ ግቢው ውስጥ የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀረ። ሳምንቱም ረዘመበት።

እሁድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ሽማግሌው ከፍተው ከኋላው መንገዱን ቃኙ፤ የቆመ መኪና የለም።

«ዛሬስ ምን ልፈትሽልህ?»

«ምንም አባባ። እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

ከበሩ ዞር አሉለት። ገብቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወሬ ግን ማንም አልጀመረም። ዝምታው እንደፈራው ከባድ ነበር፤ ቢሆንም ተነስቶ አልወጣም።