የውሃው ቀስቶች

ኤርሊንዳ ቡስታማንቴ የሙያ ፈቃድ ቦርድ ያመጣባትን ክስ ያነበበች ቀን ጥፋቷ የሙያ ስም ብቻ መስሏት ነበር። ፈቃድ ሳይኖራት በፒካፕ መኪናዋ በር ላይ ከስሟ ሥር «የመልክዓ ምድር አርክቴክት» ብላ አስጽፋ ኖራለች፤ ስለዚህ ወንድሟ ናቾ ቃሉን በምላጭ ፍቆ «ግቢ እንነድፋለን» የሚል ቀባበት። የሙያ ስማቸውን ከመለሰችላቸው የሚተዉአት መሰላት። ዕድሜዋን በበረሃ ከተማ ግቢ ስታሰማምር የኖረች ሴት ሕግን እንደ ታፔላ ጉዳይ ማየቷ አይፈረድባትም።

ጥፋቷ ግን ቀስቶቹ ነበሩ።

ለሳን ኢሲድሮ ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀችው ንድፍ ላይ፣ የሐምሌው ዶፍ ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ጉድጓድ ገብቶ የትኛውን መስኪት የተባለ የበረሃ ዛፍ እንደሚያጠጣ በትናንሽ ሰማያዊ ቀስቶች አመልክታለች። በዚያ አገር ዝናብ ዓመቱን ጠፍቶ ይከርምና በሐምሌ አንድ ከሰዓት በር ሰብሮ ይገባል፤ ስለዚህ ግቢ ነዳፊ ሁሉ መጀመሪያ የሚሥለው ውሃውን ነው፣ ዛፉ ይከተላል። በመኖሪያ ቤቶች ግቢ ላይ ስለ ቀስቶቿ የጠየቃት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ግን የሕዝብ ነውና ተጠየቀች።

«ዛፍ መሣል ይችላሉ፣ ወይዘሮ ቡስታማንቴ» አሉ የፈቃድ ቦርዱ ሰብሳቢ በትሕትና። «በሕዝብ መገልገያ ውስጥ ውሃ ማስኬድ ግን የባለፈቃድ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ዛፉ ምን ይጠጣል?»

«እሱ ቦርዱን አይመለከትም።»

«እኔን ይመለከተኛል እኮ! ሲደርቅ የሚደወለው ለእኔ ነው።»

«ፈቃድ ያውጡ፣ ማን ከለከለዎት?»

ፈቃድ ለማውጣት ፈተና፣ ለፈተና ለመቀመጥ በባለፈቃድ ሥር የተሠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ በከተማው ደግሞ አንድም ባለፈቃድ የለም። ይህን አስረዳች፤ መልሳ አስረዳች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወልውለው ያንኑ አንቀጽ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ደገሙላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ናቾ ደጅ ላይ መኪናውን ተደግፎ በቂጣ የተጠቀለለ ቡሪቶውን ይገምጣል። «እህስ እትዬ፣ አሰሩሽ?»

«ቢያስሩኝ ይሻል ነበር። ቀስት ነው የከለከሉኝ።»

«ቀስት? አደን ልንወጣ መስሏቸው ነው?»

«ዝም በል አንተ! እንዳልስቅ።»

አባ ሮጀልዮ፣ የደብሩ ቄስ፣ ወሬውን ሲሰሙ አልሳቁም። «ልጄ፣ ሐምሌ ደረሰ እኮ። አምና ከሕፃናቱ ክፍል ጭቃውን በአካፋ ነው ያወጣነው። እባክሽ ንድፉ ላይ የሚያትምልሽ ባለፈቃድ ፈልጊ።»

ባለማኅተሙን በግዛቱ ዋና ከተማ አገኘቻቸው። ሊንድክቪስት ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ፤ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ።

«እኔ ብሠራውም አንዲት መስመር አልለውጥም ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ማኅተሙን ያሳርፉበታ!»

«አልችልም። በእኔ ቁጥጥር ያልተሠራ ሥራ ላይ ካተምኩ ፈቃዴን እነጠቃለሁ።» ንድፉን ወደ እሷ መለስ አደረጉት። «በወጣትነቴ፣ የእጁን ልክ የማያውቅ ሰው የነደፈው የአፈር መደገፊያ ግንብ ሲናድ አይቻለሁ። ሥሩ ሰው ነበር። ሕጉ እንዲሁ ከሜዳ አልመጣም።»

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነው። ሕጉ ጅል ቢሆን ኖሮ ሰድባው ትገላገል ነበር። ሕጉ ግን ሰው ሞቶ የወጣ ሕግ ነው፤ ከእውነተኛ ሐዘን ተወልዶ፣ ሲያድግ ግን የሚናደውን ግንብና ዛፍ የሚያጠጣውን ቦይ መለየት ተስኖት፣ ሁለቱንም ባንድ አንቀጽ አስሮ የሚነዳ። ሐዘንን ደግሞ ማን ይሟገተዋል?

«ተቀጣሪዬ ይሁኑ» አሉ ሊንድክቪስት። «ይሄ ግቢ የመጀመሪያ ሥራዎ ይሆናል፤ እዚሁ እኔ ፊት መስመር በመስመር ይሠሩታል። ከደብሩ ብዙ ክፍያ አልጠይቅም። ጊዜውም ለፈተናው ይታሰብልዎታል። የራስዎን ድርጅት ግን ይዘጋሉ፤ የቢሮዬ ደንብ ነው።»

በመልሱ መንገድ ናቾ እየነዳ ነበር።

«ማለት፣ የራስሽን ቀስት ለመሣል የሰው ሠራተኛ ልትሆኚ?»

«አዎ።»

«አብረን ያቆምነውን ድርጅት ዘግተሽ?»

«የሕፃናቱ ክፍል ጭቃ ከሚሞላ ሌላ መላ ካለህ ንገረኝ።»

ናቾ መሪውን በጥፊ መታው። «እኔስ ምን ልሁን?»

«አንተማ ትቆፍራለህ። ለአካፋ ገና ማኅተም አላወጡም።»

«ዝም በይ፣ እንዳይሰሙሽ!»

ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። በምዕራብ፣ ከተራሮቹ በላይ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ደመና መቆለል ጀምሮ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኤርሊንዳ የቅጥር ውሉን ፈረመች። ንድፉን ሊንድክቪስት አጠገቧ ተቀምጠው ከመጀመሪያው አንሥታ ሣለችው፤ ቀስቶቹ በነበሩበት ዋሉ፤ እሳቸውም አተሙበት። ናቾ ከፒካፑ በር ላይ ስሟን በቀለም ሸፈነ፤ የሳን ኢሲድሮም ግቢ ዝናቡ ሳይመጣ ተቆፍሮ አለቀ።